ሰማንያው ከመቀደዱ በፊት

ዛሬ ስለ ፍቺ ነው የማወራው። «ሐኪምና ፍቺን ምን አገናኛቸው?» ትሉኝ ይሆናል። ትንሽ ታገሱኝ።

ቡሬ አካባቢ ስሰራ አንዲት እናት ለሦስተኛ ጊዜ «ጨጓራዬን» ብላ መጣች (ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ)። የባክቴሪያ ምርመራዋ ነጻ ነው፣ መድኃኒቱም አልረዳትም። «እንቅልፍሽ እንዴት ነው?» ስላት ዝም አለች። ቆይታ «ዶክተር፣ እኔ እኮ ከቤቴ ከወጣሁ አራት ወር ሆነኝ። እናቴ ጋ ነው ያለሁት» አለችኝ። የወጣችው በሰኔ፣ በቆሎው በተዘራ ሰሞን፣ ልጇን አዝላ በለበሰችው ልብስ ብቻ ነው። የመሬት ደብተሩ ባልየው ሳጥን ውስጥ ቀረ። የጤና መድን ካርዱም እዚያው። ለምርመራው የከፈለችው ዶሮ ሸጣ ነበር።

እንዲህ ያለ ታካሚ ብዙ ነው። ፍቺ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1990 እ.ኤ.አ. በተሰበሰበ ሀገር አቀፍ መረጃ ላይ የተሰራ ትንታኔ፣ ከመጀመሪያ ጋብቻዎች 45 በመቶው በ30 ዓመት ውስጥ በፍቺ እንደሚያልቅ አሳይቷል። አዲስ ያልሆነ ነገር ከሆነ ታዲያ ለምን ባዶ እጃችንን እንወጣለን? (ይህን የምለው ትዳር ይፍረስ ለማለት አይደለም፤ ሽማግሌ ተልኮ፣ የንስሐ አባት ገብተው፣ አልሆን ላለው ነው።)

መጀመሪያ ግን ዱላ ካለ የምለው ሁሉ ይቆይ። ወረቀት ፍለጋ አትቆዩ፣ ውጡ። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ለሕክምና የፖሊስ ደብዳቤ አያስፈልግም፤ ደብዳቤው የሚያስፈልገው ለፍርድ ቤት ማስረጃ ሲጻፍ ነው። በዕለቱ ካርዳችሁ ላይ የተመዘገበ ጉዳት ግን በኋላ ትልቅ ነገር ነው።

ገጠር ላይ ደጋግሜ የምሰማው «ጥላ የወጣች ንብረት የላትም» የሚል አባባል አለ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥፋተኛ የተባለ ወገን በንብረት ክፍፍል ሊቀጣ ይችል ነበር፤ አባባሉ ምናልባት ከዚያ የተረፈ ይሆናል። ዛሬ እንደዚያ አይደለም። ክልላችን በ1995 ዓ.ም. ያወጣው የቤተሰብ ሕግ አለ። የጋራ ንብረት እኩል ይካፈላል፣ ቀድሞ የወጣው ማንም ይሁን። ፍቺውን የሚወስነውም ፍርድ ቤት ነው። ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ያግባባል፤ የሽማግሌ ወረቀት ይዞ «ተፋትቻለሁ» ማለት ግን በኋላ ጣጣ ያመጣል።

እንግዲህ ጊዜ ካላችሁ ወረቀቶቹን አስቡ። የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ የማን ስምና ፎቶ እንዳለ እዩ፣ በስልክ አንሱት። ስልኩ የጋራ ከሆነ ኮፒውን ወንድም ወይም እናት ጋ አስቀምጡ። ደብተሩ ቢደበቅባችሁም መዝገቡ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት አለ። የሰማንያው ወረቀት፣ መታወቂያ፣ የልጆች የክትባት ካርድም አይረሱ። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ያለውን ጻፉ፦ በሬ፣ ላም፣ ጎተራ ውስጥ ያለው እህል፣ ባህር ዛፉ፣ ቆርቆሮ ቤቱ፣ እቁቡ። ዕዳውንም ጻፉ! ከጸደይ ባንክ (የድሮው አብቁተ) ለቤተሰቡ ተብሎ የተወሰደ ብድር፣ የማዳበሪያው ዕዳ፣ የሁለታችሁም ነው። ጉዳዩ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ለነዚያ ወራት የምትበሉትን አስቡ። ንብረት እንዳይሸጥ እግድ፣ ለልጆች ቀለብ እንዲቆረጥ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይቻላል። የዳኝነት መክፈያ የሌለው በድሃ ደንብ መክሰስ ይችላል። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለሴቶች ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል።

አሁን ወደ እኔው ሙያ ልመለስ። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነት በቤተሰብ ነው። (በሙከራ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲጀመር አንዱ የኛው ደቡብ አቸፈር ነበር።) ስትለዩ ካርዱ አንዱ ጋ ይቀራል፣ ሌላው ያለ መድን። ምዝገባው ዓመቱን ሙሉ ክፍት ስላልሆነ የምዝገባውን ወር ቀበሌያችሁን ቀድማችሁ ጠይቁና በራሳችሁ ስም ግቡ። መክፈል የማይችል በቀበሌ ተለይቶ መንግሥት ይሸፍንለታል።

የኤች አይ ቪ፣ የቲቢ፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ወደ ቤተሰብ ስትሄዱ ከምትታከሙበት ተቋም የዝውውር ወረቀት ያዙ። በኩርፊያ መሃል መድኃኒት አቋርጠው የመጡ ወንዶችም ሴቶችም አይቻለሁ፤ በተለይ ፍኖተ ሰላም ተከታትለው ወላጆቻቸው ሌላ ወረዳ የሆኑ። ወንዶች፣ እናንተንም ነው። ፍቺ ላይ ያለ ወንድ ጠጅ ቤት ሲያዘወትር «ወንድ ነው ይረሳዋል» ይባላል እንጂ አይረሳውም። እንቅልፍ ከሁለት ሳምንት በላይ ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ሞት ሞት ካሰኘ፣ ጨጓራ ነው አትበሉ። ለሐኪሙ እውነቱን ንገሩት፣ አናወራባችሁም።

ያቺ እናት ክስ መስርታለች። ጉዳዩ ገና አላለቀም፤ ጨጓራዋም አልፎ አልፎ ያማታል። ባለፈው ስትመጣ ግን የራሷን የመድን ካርድ ይዛ ነበር።