ከጅረት እስከ ሐይቅ የሚመላለስ ዓሣ

የጌዴኦዋ ኮንጋ ስትነሳ ቶሎ ትዝ የሚለው የይርጋጨፌ ቡና ነው። የጌዴኦ ደጋ ውሃ ግን በጊዳቦና በገላና አድርጎ አባያ ሐይቅ ይገባልና፣ ስለዚህ አገር ሲወራ ዓሣም ሊነሳ ይገባል።

ወንዝና ሰፊ ውሃ እንዴት እንደተሳሰሩ የሚያሳይ አንድ የትራውት ዓሣ ዝርያ በሩቅ አገር አለ። ኑሮው ከሰሜን ካሊፎርኒያ እስከ አላስካ በተዘረጋው የፓስፊክ ዳርቻ ነው፤ ከመንጋጋው ሥር ቀይ ሰረዝ አለበት። በትናንሽ ጅረቶች ይፈለፈላል፣ ለምግብ ወደ ባሕር ይወርዳል፣ እንቁላል ሊጥል ተመልሶ ይወጣል። ባሕር ሲገባም ከዳርቻው ብዙ ስለማይርቅ አጥማጁ ጀልባ አያሻውም፤ እስከ ጉልበቱ ውሃ ገብቶ መንጠቆውን ይወረውራል። በዋሽንግተን ግዛት ከባሕር የተያዘው ትራውት ወዲያው ይለቀቃል።

በእኛ አገር ትራውት ያለው ከኬንያ መጥቶ በተላመደባቸው እንደ ዌብ ባሉ የባሌ ቀዝቃዛ ወንዞች ነው። በጠባይ የፓስፊኩን ትራውት የሚመስለው ግን የጣናው ነጭ ዓሣ ነው። ክረምት ሲገባ በርካታ ዝርያዎቹ በጉማራና በርብ ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ። ወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው እንቁላል የቋጠረችውን ዓሣ ያለ ድካም ያገኛል፤ ጥፋቱም ከዚህ ይጀምራል። በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ከገቡ ወዲህ ነጭ ዓሣ ክፉኛ ተመናምኗል። የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ቢወጣም፣ ወንዝ አፍ ላይ ተቆጣጣሪ ከሌለ ወረቀት ብቻውን ዓሣ አያድንም።

ወደ አባያ ስንመለስ፣ ሐይቁ ቆሮሶ፣ አምባዛና ናይል ፐርች አለው። ውሃው ግን በደለል ቀልቷል፤ ብርሃን ጠልቆ ስለማይገባ የዓሣ ምግቡ እንደ ጎረቤቱ ጫሞ አይበዛም። እንሰትን፣ ቡናንና ትልልቅ ዛፍን አዋህዶ ዳገቱ እንዳይሸረሸር የያዘው የጌዴኦ ገበሬ ለሐይቁም ባለውለታ ነው። ይህ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

ቡና ማጠቢያው ግን ያሳስበኛል። እሸቱ ከተፈለፈለ በኋላ ፍሬው ገንዳ ውስጥ ይብላላል፤ ሲታጠብ የሚወጣው ጣፋጭና ሙልጭልጭ ውሃ ወንዝ ከገባ ተሕዋስያን ስኳሩን ሲበሉ ኦክስጅኑን ይጨርሱታል። ይህ የሚሆነውም ዝናብ አልፎ ወንዙ በሚቀንስበት ወቅት ነው። ማጠቢያ ያላችሁ ሁሉ፣ እጣቢው ወንዝ ሳይደርስ የሚጠራቀምበትን ጉድጓድ ከመኸሩ በፊት አዘጋጁ።