ፋብሪካው ምን ሠርቶ ነበር? የቆዩ ፒክአፕ መኪኖችን የመጀመሪያ ይዘት ስለ መለየት



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ከዚህ አዳራሽ ጋር የማይስማማ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። የታሪክና የቅርስ ተማሪ ስለ ብራና መጻሕፍት፣ ስለ ሥዕላትና ስለ ጥንታዊ ሳንቲሞች ሲነገር መስማት ለምዷል፤ እኔ ግን የምናገረው ስለ አሮጌ የጭነት መኪና ነው። የብራና ባለሙያ የባለቤቱ ስም ተፍቆ ሌላ ስም የተጻፈበትን ገጽ ሲያገኝ «መጀመሪያ ምን ነበረ? ማን ለወጠው? በምን አውቃለሁ?» ብሎ ይጠይቃል። የቆየ መኪና ፊት የቆመ ሰውም የሚጠይቀው እነዚህኑ ሦስት ጥያቄዎች ነው። ልዩነቱ የመኪናው መልስ በብረት፣ በቀለምና በቡሎን የተጻፈ መሆኑ ብቻ ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ብወስነው ይሻላል። የመረጥሁት ከ1967 እስከ 1972 በአሜሪካ የተሠራውን የሼቭሮሌት ፒክአፕ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የሞዴል ዓመታት ናቸው፤ የ1970 ሞዴል የሚባለው መኪና በ1969 መጸው ከፋብሪካ ሊወጣ ይችላል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

በዚያ ዘመን ፒክአፕ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ገበሬ ወይም የእጅ ሥራ ባለሙያ ነበር። ተራው መኪና ወለሉ ጎማ የለበሰ፣ ውስጡ ባዶ ብረት የሚታይበት የሥራ መሣሪያ ነው። ገዢው ከፈለገ ግን ከረጅም ዝርዝር ውስጥ እየመረጠ ያዝዛል። እያንዳንዱ አማራጭ የራሱ አጭር ኮድ ነበረው፦ አየር ማቀዝቀዣ ሲ60፣ በኃይል የሚታገዝ መሪ ኤን40፣ አንዱ ጎማ ሲንሸራተት ለሌላውም ጉልበት የሚያደርስ ዲፈረንሻል ጂ80 ይባላል። ከዚህ በላይ ደግሞ የምቾትና የጌጥ ደረጃ አለ። እስከ 1970 ድረስ ከፍተኛው ደረጃ ሲኤስቲ ይባል ነበር። በ1971 «ሻየን» የሚለው ስም መጣ።

እንግዲህ ዛሬ በአንድ መኪና ላይ የምናየው ዕቃ ከሦስት ምንጮች ከአንዱ የመጣ ነው። ፋብሪካው በትእዛዝ የገጠመው፣ ሻጩ መኪናውን ከማስረከቡ በፊት የጨመረው፣ ወይም ከዚያ ወዲህ ባለቤቶች ያመጡት ነው። ሦስቱም የመኪናው ታሪክ አካል ናቸው፤ አንዱንም አልንቅም። ነገር ግን «ኦሪጅናል ነው» የሚለው ቃል ሦስቱን አንድ ላይ ሲያጠቃልል ውሸት ይሆናል። ውሸቱ ደግሞ ዋጋ አለው፤ በአንድ ስምና በሁለት ኮድ የተነሣ የመኪናው ዋጋ እጅግ ይለያያልና።

ታዲያ ምስክሮቻችን እነማን ናቸው?

የመጀመሪያው የሻንሲ ቁጥሩ ነው፤ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተመታች ትንሽ ሰሌዳ ላይ ይገኛል። የ1970 መኪና ቁጥር ለምሳሌ «ሲ-ኢ-1-4-0-ዜድ» ብሎ ይጀምራል። ሲ ማለት በሁለት ጎማ የሚነዳ ማለት ነው፤ በአራት የሚነዳው ኬ ይባላል። ኢ ማለት ሞተሩ ቪ-8 ነው፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር ቢሆን ኤስ ይሆን ነበር። 1 የግማሽ ቶን፣ 4 የፒክአፕ፣ 0 የ1970 ምልክት ነው። ዜድ በካሊፎርኒያ የሚገኘው የፍሪሞንት ፋብሪካ ነው። ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል፤ ስለ ሁለት ነገሮች ግን ዝም ይላል። ቪ-8 መሆኑን እንጂ የትኛው ቪ-8 እንደ ሆነ አይነግረንም፤ ስለ ጌጥ ደረጃውም አንዲት ፊደል አይጽፍም። ስለዚህ የሻንሲ ቁጥርን ብቻ እያሳየ «ይህ እውነተኛ ሲኤስቲ ነው» የሚል ሰው ማስረጃ አላቀረበም።

ሁለተኛው ምስክር ከሁሉም የሚበልጠው ነው። በተሳፋሪው ፊት፣ ክሩስኮቱ ላይ ያለችው ትንሽ የዕቃ መክተቻ በሯ በውስጥ በኩል የወረቀት መለያ ተለጥፎባት ነበር። በመለያው ላይ የሻንሲው ቁጥር፣ በፊትና በኋላ እግር መካከል ያለው ርቀት፣ ቀለሙና የታዘዙት አማራጮች ከነኮዳቸው ተዘርዝረዋል። ዓላማው መለዋወጫ የሚያዝዝ መካኒክ እንዳይሳሳት ነበር፤ ለታሪክ ጸሐፊ ተብሎ አልተለጠፈም። እንዲህ ያለ፣ ለሌላ ጉዳይ የተጻፈ ምስክር ብዙ ጊዜ ከሁሉ የታመነ ነው። ኩባንያው በአሜሪካ ለተሸጡት ለእነዚህ መኪኖች የእያንዳንዳቸውን የምርት መዝገብ ስላላቆየ የመለያው ዋጋ እጥፍ ድርብ ይሆናል። የፎርድ ባለቤት በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ ከ1967 ሞዴል ጀምሮ ያለው የፎርድ ምርት መረጃ ተጠብቆ ስለ ቆየ በሻንሲ ቁጥሩ አስፈልጎ ማግኘት ይችላል። ይሁን እንጂ ዛሬ አስመስለው የሚያትሙ ስላሉ መለያው ብቻውን ሲገኝ በቂ አይደለም። በመለያው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር በበሩ ምሰሶ ላይ ካለው ጋር፣ እንዲሁም በቀኝ በኩል በሻንሲው ብረት ላይ ከተመታው ጋር መስማማት አለበት።

ሦስተኛው ምስክር በክፍሎቹ ላይ ያለው ቀን ነው። በቀለጠ ብረት በተሠራው የሞተር አካል ላይ ወሩ ከኤ እስከ ኤል ባለ ፊደል፣ ቀኑና የዓመቱ የመጨረሻ አኃዝ ይነበባል። «ኬ 5 9» ማለት ኅዳር ወር፣ ማለትም የፈረንጆቹ ኖቬምበር 5፣ 1969 ነው። ይህ ሞተር በ1970 ሞዴል መኪና ውስጥ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። በ1972 የተቀለጠ ሞተር ግን በ1970 መኪና ውስጥ ከፋብሪካ ሊገባ አይችልም። ቀን መስማማቱ ሞተሩ የመኪናው መሆኑን አያረጋግጥም፤ አለመስማማቱ ግን የመኪናው አለመሆኑን ያረጋግጣል። እነዚህን ሁለቱን አትቀላቅሉ።

አራተኛው ምስክር የአሠራር ለውጥ ነው። ፋብሪካው በየዓመቱ የሚለውጠው ነገር ነበረ። በ1967 በጎን ላይ የማሳያ መብራት የለም፤ በ1968 መጣ። እስከ 1970 ድረስ ባለ ሁለት ጎማ ነጂው የግማሽ ቶን መኪና የፊት ፍሬኑ ከበሮ፣ ጎማው በስድስት ቡሎን የሚታሰር ነበር፤ በ1971 የዲስክ ፍሬንና አምስት ቡሎን መደበኛ ሆኑ። ከፋብሪካ አየር ማቀዝቀዣ ይዞ የወጣ መኪና ሞተሩን ከጋቢናው የሚለየው ግድግዳ የተቆረጠበት ቅርጽ ከሌሎቹ የተለየ ነው፤ ኋላ የተገጠመ ማቀዝቀዣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከክሩስኮቱ ሥር ተንጠልጥሎ ይታያል። የላሜራ ቅርጽ እንደ ጌጥ ተነቅሎ አይለጠፍም፤ ስለዚህ ምስክርነቱ ከባድ ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

በአሜሪካ በትምህርት ላይ ሳለሁ ከአንድ አዛውንት የ1970 ሲ-10 ገዛሁ። በሁለቱም ጎን «ሻየን» የሚል ጌጥ ነበረበት። ደስ አለኝ፤ ላድሰውም ጀመርሁ። የዕቃ መክተቻዋ በር ተጣምማ፣ ዝጋ፣ የተጨማደደና የቆሸሸ ወረቀት ተጣብቆባት አገኘኋት። አዲስ በር ገዛሁና አሮጌዋን ከቆሻሻው ጋር ጣልኋት። ቦታውን በማጽዳቴም ኮራሁ። ያ ወረቀት ምን እንደ ነበረ ያወቅሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ የቀሩኝን ምስክሮች መጠየቅ ግድ ሆነብኝ። የሻንሲ ቁጥሩ 1970 ነው ይላል፤ «ሻየን» የሚለው ስም ግን በ1970 አልነበረም። ስለዚህ ጌጡ ከፋብሪካ ሊሆን አይችልም። መጀመሪያ ያሰብሁት አንድ ሰው ሊያታልል እንደ ለጠፈው ነበር። የፊተኛውን ቀኝ ጎን ላሜራ ፈትቼ ከውስጥ ስመለከት ግን ከነጩ ቀለም ሥር አረንጓዴ አገኘሁ፤ የጌጡ ቀዳዳዎችም ንጹሕ ነበሩ። በግራ በኩል ያለው ላሜራ ከውስጥ ነጭ ብቻ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ግን በእጅ መሰርሰሪያ የተበሱ፣ ጠርዛቸው የሻከረ ነበር። ታሪኩ ተገለጠልኝ፤ መኪናው በቀኝ ተገጭቶ የሌላ ሻየን ላሜራ ተገጠመለት፤ ጠጋኙም ሁለቱ ጎኖች እንዲመሳሰሉ ብሎ በግራም ቀዳዳ በሳ። ማንም አልዋሸም፤ መኪናው ተጠገነ እንጂ። የፊት ጎማዎቹ በአምስት ቡሎን፣ የኋላዎቹ በስድስት የታሰሩበት ምክንያትም ገባኝ። አንድ አስተዋይ ባለቤት የኋላ ዘመን የዲስክ ፍሬን ከፊት ገጥሞለት ነበር። በዚህም ምክንያት ሁለት ዓይነት መለዋወጫ ጎማ ይዤ ስዞር ኖሬያለሁ።

የግድግዳው ቅርጽ አየር ማቀዝቀዣው ከፋብሪካ መሆኑን አሳየኝ። የሞተሩ ቀንም ከመኪናው ጋር የሚጋጭ አልነበረም። መኪናው መጀመሪያ ሲኤስቲ ነበር ወይስ ተራ? ይህን ሊነግረኝ የሚችለውን ወረቀት በገዛ እጄ ጥዬዋለሁ።

መኪናውን ስሸጥ አንድ ወጣት መጥቶ ይህንኑ ጠየቀኝ። ሦስት ዓምድ ያለው ወረቀት ጽፌ ሰጠሁት፤ በመጀመሪያው የተረጋገጠውን፣ በሁለተኛው ሊሆን የሚችለውንና ማስረጃውን፣ በሦስተኛው የማይታወቀውንና የማይታወቅበትን ምክንያት ጻፍሁ። በሦስተኛው ዓምድ ሥር «መለያውን ሻጩ ራሱ ጥሎታል» የሚል አለ። ከጠየቅሁት ዋጋ ብዙ ቀነሰ። አልተከራከርሁትም።

ተማሪዎች ሆይ፣ ከዚህ ንግግር የምትይዙት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ይሁን። አንድ ዕቃ የመጀመሪያ መልኩን መያዙ በማማሩ አይታወቅም፤ እርስ በርሳቸው ያልተማከሩ ምስክሮች በመስማማታቸው ነው። ስለዚህ የማንኛውም እድሳት የመጀመሪያ ሥራ መፋቂያና ቀለም ማንሣት አይደለም፤ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ቁጥር መቅዳት፣ የተፈታውን ሁሉ ከነቆሻሻው ማስቀመጥ ነው። የሚያስቀይመውን ወረቀት፣ የሻከረውን ቀዳዳ፣ ከሥር ያለውን አረንጓዴ ቀለም አትቸኩሉባቸው። ብራናም ቢሆን፣ የቤተ መንግሥት በርም ቢሆን፣ የገበሬ መኪናም ቢሆን ሕጉ አንድ ነው።