ሁሉን አስቀድሞ የከፈለ እንግዳና የቡልቡላ ነጋዴ

ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ የሚወስደው አውራ ጎዳና ዝዋይን፣ ዛሬ ባቱ የተባለውን ከተማ፣ አልፎ ቡልቡላ ሲደርስ መንገደኛው የላንጋኖ ሐይቅ ጎረቤት ሆኗል ማለት ነው። የላንጋኖ ውሃ መልኩ ቡናማ ቢሆንም ከብልሃርዚያ ነጻ በመሆኑ የታወቀ ስለሆነ፣ ለመዋኘት የሚሻ ሰው ሁሉ ይመርጠዋል። ቀደም ባለው ዘመን ባለሀብቱ አቶ በቀለ ሞላ በዝዋይ፣ በላንጋኖ፣ በሻሸመኔና በአርባ ምንጭ ሆቴሎችን በመሥራት የዚህን መስመር የመስተንግዶ ንግድ መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ከእርሳቸው ወዲህም በሐይቁ ዳርቻ ሌሎች የመዝናኛ ሆቴሎች ተሠርተዋል።

በውጭው ዓለም ግን በባሕር ዳርቻ የሚካሄደው የሆቴል ንግድ ሌላ መልክ ይዟል። ይኸውም ኦል ኢንክሉሲቭ የሚባለው፣ እንግዳው አልጋውን፣ ምግቡን፣ መጠጡንና መዝናኛውን ከቤቱ ሳይወጣ በአንድ ዋጋ ከፍሎ የሚመጣበት ሥርዓት ነው። ከእነዚህም መካከል የምቾት ደረጃቸው ከፍ ያለ፣ ሕፃናትን የማይቀበሉና ለአዋቂዎች ብቻ የተዘጋጁ ሆቴሎች ይገኛሉ። አልጋንና ሦስት ጊዜ ምግብን በአንድ ሒሳብ የሚያቀርበው ፉል ቦርድ በአገራችን የታወቀ ስለሆነ፣ ከዚያ እስከዚህ ያለው እርምጃ ሩቅ አይደለም። ስለዚህ ነጋዴው ከወዲሁ ሊያስብበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

የዚህ ሥርዓት መነሻ እጅግ ትሑት ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950 ዓ.ም. ዤራር ብሊትዝ የተባለ የቤልጅግ የውሃ ፖሎ ተጫዋች ማዮርካ በምትባለው የስፔን ደሴት የድንኳን መንደር ተክሎ፣ መኝታን፣ ምግብንና ስፖርትን በአንድ ዋጋ ማቅረብ ጀመረ። ክለብ ሜዲተራኔ የተባለው ድርጅት ከዚህ ተወለደ። በድርጅቱ መንደሮች መጠጥ ለብቻው ይከፈል ስለነበር እንግዳው በገንዘብ ምትክ የዶቃ ፍሬ ይሰጥ ጀመር፤ የመዋኛ ልብስ ኪስ የለውምና።

መጠጡም ጭምር በዋጋው ውስጥ እንዲገባ ያደረገው ልማድ በሰፊው የታወቀው በጃማይካ ነው። በዚያ አገር በ1981 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ) ጎርደን ስቱዋርት የተባሉ ነጋዴ በሞንቴጎ ቤይ አንድ አሮጌ ሆቴል ገዝተው አደሱና ሳንዳልስ ብለው ለባልና ሚስት ወይም ለጥንዶች ብቻ ከፈቱት። እኚህ ሰው አስቀድሞ የአየር ማቀዝቀዣ መሣሪያ አስመጪ የነበሩ መሆናቸውን ማስታወስ ለአንባቢው ሳይጠቅም አይቀርም።

የሥርዓቱ ትርፍ ከምን ይመጣል? ባለሆቴሉ ገንዘቡን አስቀድሞ ይቀበላል፤ ስንት ሰው እንደሚመገብ ያውቃል፤ ስለዚህ በጅምላ ይገዛል። እንግዳውም በየሰዓቱ ሒሳብ ከመጠየቅ ያርፋል። ለአዋቂዎች ብቻ የሆነው ቤት ደግሞ ጸጥታን ይሸጣል፤ ለሕፃናት መጫወቻና ሞግዚት ከማዘጋጀት ወጪ ይድናል።

ነገር ግን ይኸው ብልሃት በአጥሩ ውጭ ላለው ባለሱቅ ሥጋት ነው። ምሳውን ከፍሎ የመጣ እንግዳ ከከተማው ምግብ ቤት አይገባም፤ መጠጡን ከፍሎ የመጣ ከሱቅ ለስላሳ አይገዛም። እንግዳው በቡልቡላ በኩል ሲያልፍ ከአቧራው በቀር ምንም ላይተው ይችላል። በካሪቢያን ደሴቶች ይህ ቅሬታ ደጋግሞ ተሰምቷል፤ ከሆቴሎቹ ምግብ ብዙው ከውጭ አገር በመርከብ የሚመጣ በመሆኑም ቅሬታው ብሷል።

ይሁን እንጂ ያው የጃማይካ ታሪክ መድኃኒቱንም ያሳያል። በ1996 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ) ሳንዳልስ ለሁለት ሆቴሎቹ ከ10 ገበሬዎች አትክልትና ፍራፍሬ መግዛት ጀመረ። በ2004 ዓ.ም. ገበሬዎቹ 80 ደርሰው ነበር። መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም፤ የምርቱ ጥራት አንድ ዓይነት አለመሆን፣ የመጠኑ መዋዠቅና የክፍያ መዘግየት ሁለቱንም ወገን አስቸግሯል። የተሳካላቸው ሆቴሉ የሚፈልገውን አስቀድመው ጠይቀው ያመረቱ ናቸው።

የቡልቡላ አካባቢ ለዚህ ዓይነት ንግድ ባዶ እጁን አይደለም። ከመቂ እስከ ባቱ ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ይመረታል። የዝዋይ ሐይቅ ቆሮሶና አምባዛ ይሰጣል። በባቱ የካስቴል ወይን ፋብሪካ ከ2014 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ) ጀምሮ ሪፍት ቫሊና አካሺያ የተባሉ ወይኖችን ለገበያ አቅርቧል፤ በዚያው ከተማ ለውጭ አገር የሚላክ ጽጌረዳ ይለማል። በቡልቡላም ከ2013 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ወዲህ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል። እንግዲህ በጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው ምግብ፣ መጠጡና አበባው ሳይቀር ከደጅ ይገኛል።

መጠኑን ለመገመት ያህል 50 ክፍሎች ያሉት አንድ ሆቴል በምሳሌነት ይወሰድ። በየክፍሉ ሁለት ሰው ቢያርፍ 100 እንግዳ ይሆናል፤ በቀን ሦስት ጊዜ ቢመገቡ 300 ሳህን ነው። ለቁርስ ለእያንዳንዱ ሁለት እንቁላል ቢቀርብ በቀን 200፣ በሳምንት 1,400 እንቁላል ያስፈልጋል። ይህን ያህል በቋሚነት ለማቅረብ አንድ ባለሱቅ ለብቻው አይችልም፤ ጥቂቶች ተባብረው ግን ይችላሉ።

ስለዚህ ዕድሉ የሚገኘው መንገደኛን በመጠበቅ ሳይሆን አቅራቢ በመሆን ነው። አቅራቢነት ደግሞ የራሱ ሕግ አለው፤ ሚዛኑ የታመነ፣ ዕቃው በመጠንና በጥራት የተለየ፣ ሰዓቱ የተከበረ፣ ደረሰኙም የተሟላ ሊሆን ይገባል። ሆቴል ከርሞ የሚከፍል ስለሆነ ነጋዴው የመክፈያውን ቀን በውል ማስጻፍና እስከዚያ የሚያቆይ ገንዘብ ማዘጋጀት አለበት። በላንጋኖ እንግዳ የሚበዛው በቅዳሜና በእሑድ እንደመሆኑ፣ ቶሎ የሚበላሸውን ዕቃ በመካከለኛው ሳምንት ማከማቸት ኪሳራ ነው።

ባለሆቴሉም ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እንደሚሻል መዘንጋት የለበትም። ከአዲስ አበባ በመኪና የሚጫን ቲማቲም መነሻው መቂ ሊሆን ይችላል፤ ሄዶ በመመለሱ የሚጨምረው ኪራይና ብልሽት ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ከሆቴሉ ገበያ የሚጠቀም ከተማ የሆቴሉን ሰላም እንደ ራሱ ንብረት ይጠብቃል። ለሁለቱም የሚበጀው የግንባታው ፈቃድ ሲጠየቅ፣ ወጥ ቤቱም ሳይከፈት፣ ነጋዴዎቹና ባለሆቴሉ አንድ ጠረጴዛ ከበው የሚፈለገውን ዕቃ ዝርዝር፣ መጠኑንና ዋጋውን መነጋገር ነው።