አሰብና የሕግ ሰው፤ ስለ ዶክተር ያዕቆብ ኃይለ ማርያም

ከሕግ ሙያ ወደ ፖለቲካ የገቡ ሰዎች በአገራችን አይታጡም። ስለ ባሕር በር በሕግ ቋንቋ የተከራከሩት ግን ጥቂቶች ናቸው፤ ከነዚህም አንዱ ዶክተር ያዕቆብ ኃይለ ማርያም ናቸው።

ዶክተር ያዕቆብ በአሜሪካ አገር፥ ቨርጂንያ በሚገኘው በኖርፎክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የንግድ ሕግ አስተምረዋል። በ1987 ዓ.ም. የሩዋንዳን እልቂት የሚመረምር ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በተቋቋመ ጊዜ፥ ዘግየት ብለው በአሩሻ ከዐቃቤ ሕጎቹ አንዱ ሆኑ። በግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ ደግሞ ከቅንጅት ጋር ተሰለፉ። ቅንጅት የግለሰብን መብት ከብሔረሰብ መብት የሚያስቀድም፥ መሬትም የግል ይሁን የሚል፥ ባጭሩ ሊበራል የሚባለው ዐይነት ማኅበር ነበረ። በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 መቀመጫ 137ቱን አሸነፈ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ መተረክ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። አንድ ነገር ግን ሳይነገር አይታለፍም። በጥቅምት 1998 ዓ.ም. መሪዎቹ ሲታሰሩ ከቀረቡባቸው ክሶች አንዱ የዘር ማጥፋት ሙከራ ነበር። ይኸውም ትናንት በአሩሻ በዚሁ ወንጀል ሌላውን ይከስሱ የነበሩት ሰው ዛሬ በዚሁ ተከሰሱ ማለት ነው! ይህ ክስ በሚያዝያ 1999 ዓ.ም. ተሠረዘ። የቅንጅት መሪዎች አብዛኞቹ ፍርድ ቤቱ ነጻ አይደለም ብለው መከላከያ ሳያቀርቡ ቀሩ። ለሕግ ሰው ይህ ቀላል ውሳኔ አይመስለኝም፤ ዕድሜውን ሙሉ የክርክርን ጥቅም ያስተማረ ሰው በራሱ ጉዳይ ዝም ሲል ነው። በሐምሌ 1999 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፤ ቀናት ሳይቈዩም በይቅርታ ወጡ።

«አሰብ የማን ናት?» የተባለውን መጽሐፋቸውን በ2003 ዓ.ም. አሳተሙ። አሰብ በሕግ የኢትዮጵያ ናት የሚል ነው። ነገሩን ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ኢጣልያና ኢትዮጵያ በ1892፥ በ1894 እና በ1900 ዓ.ም. የድንበር ውል ተዋዋሉ፤ በመጨረሻው ውል ድንበሩ ከባሕሩ ዳር 60 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ እንዲሄድ ተባለ። ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረች ጊዜ ግን ውሉን ራሷ አፈረሰችው፤ በ1939 ዓ.ም. በፓሪስ የሰላም ውል ደግሞ ቅኝ ግዛቶቿን ለቀቀች። ከ1945 ዓ.ም. ፌዴሬሽን ጀምሮም ወደቡ በኢትዮጵያ ዘውድ ሥር ነበረ። እንግዲህ የሞተ ውል በምን ሥልጣን ይነሣል? ነው ጥያቄው። በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. የተፈረመው የአልጀርስ ስምምነት ግን እነዚያኑ ሦስት ውሎች የድንበሩ መለኪያ አደረጋቸው።

ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ ቢሆንም ተቃዋሚው የሚይዘው መልስ አለ። በሐምሌ 1956 ዓ.ም. በካይሮ የአፍሪካ መሪዎች በነጻነት ቀን የነበረው ድንበር ይከበር ብለው ሲወስኑ ኢትዮጵያ ደጋፊ ነበረች። በ1985 ዓ.ም. የኤርትራን ነጻነት ስትቀበልም የአሰብን ጉዳይ ለብቻ አላነሣችም። ጊዜው ያለፈ ጥያቄ በፍርድ ቤት ዋጋው ይቀንሳል።

እኔ እንደሚመስለኝ ሁለት ነገሮች ተደባልቀዋል፤ የባለቤትነት ጥያቄና የመተላለፊያ መብት። ለሁለተኛው በ1975 ዓ.ም. የተፈረመው የባሕር ሕግ ስምምነት 125ኛ አንቀጽ አለ፤ የባሕር በር የሌለው አገር ወደ ባሕር የመውጣትና የመመለስ መብት እንዳለው ይናገራል፤ ዝርዝሩን ግን ለሁለቱ አገሮች ውል ይተወዋል። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ አሰብ ስትዘጋብን ይህ ውል ከጅቡቲ ጋር ሆነ። ዛሬ በጉለሌ ማደያ የሚቀዳው ቤንዚን ያልፍ የነበረው በአሰብ ነው፤ አሁን በብዛት የሚመጣው በጅቡቲ በኩል፥ ለወደቡም ኪራይ እየተከፈለ ነው።