ከመሬት ድልድል እስከ ይዞታ ደብተር፦ የአቶ አዲሱ ለገሠ ዘመንና የአማራ ክልል ገበሬ

በጠዳና በአካባቢዋ የሚኖር አርሶ አደር በማሳው ላይ ክርክር ቢነሳበት በቅድሚያ የሚያቀርበው ማስረጃ የይዞታ ደብተሩን ነው። ደብተሩ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ግን ወደ 1980ዎቹ የክልሉ ፖለቲካ መመለስ ያሻል።

በዚያ ዘመን ክልሉን ይመሩ የነበሩት አቶ አዲሱ ለገሠ ናቸው። በ1973 ዓ.ም. ከተመሠረተው ኢሕዴን ነባር ታጋዮች አንዱ ሲሆኑ፣ ድርጅቱ በ1986 ዓ.ም. ብአዴን ተብሏል። ገበሬውን ዋነኛ መሠረቱ አድርጎ የሚገልጸውን ይህን ድርጅት እርሳቸው በኋላ በሊቀ መንበርነት መርተውታል። በክልል ርዕሰ መስተዳድርነት እስከ 1993 ዓ.ም. መጀመሪያ ከቆዩ በኋላም ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የግብርና ሚኒስትር ሆነዋል።

በሥልጣን ዘመናቸው ከወጡት ሕጎች ሁሉ ገበሬውን በእጅጉ የነካው የክልሉ ምክር ቤት ያጸደቀው አዋጅ ቁጥር 16/1989 ነበር። አዋጁን ተከትሎ የተካሄደው የመሬት ድልድል መሬት ለሌላቸው ወጣቶችና ለሴት አባወራዎች ማሳ አስገኝቷል። በአንጻሩ በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር አመራርነት ያገለገሉ ገበሬዎች «ቢሮክራት» ተብለው ይዞታቸው ከ1 ሄክታር እንዳይበልጥ ተደርጓል። ቅር የተሰኙ ገበሬዎች አቤቱታቸውን ይዘው እስከ አዲስ አበባ ተጉዘዋል።

ድልድሉ ከማሳው ስፋት በላይ የነካው የገበሬውን እምነት ነው። ነገ ለሌላ ሊሰጥ በሚችል መሬት ላይ እርከን የሚሠራ፣ ዛፍ የሚተክል ጥቂት ነው።

ይህን ሥጋት ለማስወገድ በአዋጅ ቁጥር 46/1992 አዲስ የመሬት አስተዳደር ሥርዓት ተጀመረ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮም የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ በአንድነት የሰፈረበት የይዞታ ደብተር ይሰጥ ጀመር። አዋጅ ቁጥር 133/1998 ደግሞ የቀበሌው ባለይዞታዎች 80 በመቶ ካልተስማሙ በቀር ድልድል እንዳይካሄድ ደነገገ።

ዛሬ እንደ ጠዳ ባሉ ለከተማ ቅርብ በሆኑ ሥፍራዎች የገበሬው ሥጋት ድልድል ሳይሆን የከተማ መስፋፋት ሆኗል። ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ መሬት ሲወሰድ ካሳ የሚወሰነው በፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ነው። በዚህም ጊዜ ባለይዞታነትን የሚያስረዳው ያው ደብተር በመሆኑ፣ በውርስ ወይም በስጦታ የተላለፈ መሬትን በወቅቱ ማስመዝገብ ከክርክር ያድናል።