የማይድን በሽታ ያለበት ልጅ በቂ እንክብካቤ ማግኘቱ በምን ይታወቃል?

«ከዚህ በኋላ ማድረግ የምንችለው ነገር የለም፤ ቤት ወስዳችሁ አስታምሙት።» በአፍሪካ ቀንድም ሆነ በምሥራቅ አፍሪካ ልጃቸው በጽኑ የታመመባቸው ብዙ ወላጆች ይህንኑ ወይም ይህን መሰል ቃል ሰምተው ከሆስፒታል ይወጣሉ። ከተነገራቸው ግማሹ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በሽታው ላይድን ይችላል። ማድረግ የሚቻል ነገር የለም የሚለው ግን ትክክል አይደለም።

ሥቃይን መቀነስ፣ የትንፋሽ ማጠርንና ማስታወክን ማስታገስ፣ የልጁን ፍርሃት ማዳመጥ፣ ሌት ተቀን የሚያስታምመውን ቤተሰብ መደገፍ ራሱን የቻለ የሕክምና ዘርፍ ነው። በባለሙያዎች ዘንድ ፓሊየቲቭ ኬር፣ በአማርኛ የማስታገሻ ሕክምና ይባላል። ሆስፒስ የሚባለው ደግሞ በተለይ ይህን አገልግሎት ለመስጠት የተቋቋመ ድርጅት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ይህ እንክብካቤ ከሚያስፈልጋቸው ሕፃናት 98 በመቶው የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገራት ነው፤ ግማሽ የሚጠጉት አፍሪካ ውስጥ ናቸው። የካንሰር ታማሚዎች ብቻ አይደሉም። ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ፣ ከልብ ሕመም ጋር የተወለዱ፣ ኩላሊታቸው የተዳከመ፣ በአንጎል ጉዳት ምክንያት መንቀሳቀስ የተሳናቸውም አሉ። ብዙዎቹ ከሕመማቸው ጋር ለዓመታት ይኖራሉ። ስለዚህም ድርጅቱ እንክብካቤው በሽታው ከታወቀበት ጊዜ አንስቶ ከሌላው ሕክምና ጎን ለጎን እንዲሰጥ ይመክራል።

ለሕፃናት ተብሎ የተቋቋመው የዓለም የመጀመሪያው ሆስፒስ፣ ሄለን ሃውስ፣ እአአ በ1982 በእንግሊዟ ኦክስፎርድ ከተማ ተከፈተ። በምሥራቅ አፍሪካ ግን አልጋ ከተደረደረበት ሕንፃ ይልቅ ነርሷ ወደ ታማሚው ቤት የምትሄድበት አሠራር ያመዝናል። በመሆኑም ጥራትን በሕንፃ ማማር ወይም በአልጋ ብዛት መለካት እዚህ ብዙም ትርጉም አይሰጥም። ቀዳሚው ጥያቄ ልጁ ይሠቃያል ወይስ አይሠቃይም የሚለው ነው።

በአማርኛ «ሕመም» የሚለው ቃል በሽታንም ሥቃይንም ይጠራል። ምናልባትም በዚህ የተነሳ በሽታው እስካለ ድረስ ሥቃዩም የግድ ነው የሚል ስሜት ያድራል። ሁለቱ ግን የተለያዩ ናቸው፤ በሽታው ሳይድን ሥቃዩ ሊታገሥ ይችላል። አስቸጋሪው ነገር የልጅን ሥቃይ ማወቁ ነው። ከሦስት ዓመት ገደማ በላይ ያሉ ልጆች ከፈገግታ እስከ ዕንባ የተደረደሩ የፊት ሥዕሎች ቀርበውላቸው ስሜታቸውን የሚመስለውን በጣታቸው እንዲያሳዩ ይደረጋል። ለጨቅላዎች ደግሞ የፊታቸው መኮማተር፣ የእግራቸው መወራጨት፣ የለቅሷቸው ዓይነት፣ ሲያቅፏቸው ዝም ማለት አለማለታቸው ተመዝግቦ ነጥብ ይሰጠዋል። የማያለቅስ ልጅ «ጨዋ» ይባላል፤ ነገር ግን ሲንቀሳቀስ ስለሚያመው፣ ወይም አመመኝ ካለ መርፌ እንዳይወጋ ፈርቶ ጸጥ ብሎ ሊሆን ይችላል። ሥቃዩ ያልተጠየቀና ያልተመዘገበ ልጅ፣ ነርሷ የቱንም ያህል ደግ ብትሆን፣ በቂ እንክብካቤ አግኝቷል ማለት ያስቸግራል።

ለከባድ ሥቃይ ዋነኛው መድኃኒት ሞርፊን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 ባወጣው የሕፃናት መመሪያ ቀድሞ በመካከል ይሰጥ የነበረውን ኮዴይን አስቀርቶ፣ ቀላል ሕመም በፓራሲታሞል ወይም በአይቡፕሮፌን፣ ከዚያ ያለፈው ደግሞ እንደ ሞርፊን ባለ ጠንካራ መድኃኒት እንዲታከም መክሯል። መጠኑ በልጁ ክብደት ይሰላል። መድኃኒቱም ልጁ እስኪያለቅስ ሳይጠበቅ ሰዓቱን ጠብቆ ይሰጣል። ሞርፊን ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻ አብሮ መታዘዝ አለበት፤ ትንሽ ነገር ይምሰል እንጂ ጥሩውን አገልግሎት ከመጥፎው የሚለየው እንዲህ ያለው ዝርዝር ነው።

ይሁንና መድኃኒቱ ራሱ በብዙ አገራት የለም። ላንሴት የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2017 እንዳስታወቀው፣ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከሚሠራጨው 298.5 ቶን ሞርፊንና መሰል መድኃኒት ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ወዳላቸው አገራት የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። ሱስ ያስይዛል የሚል ሥጋት፣ ጥብቅ የቁጥጥር ሕግና የሠለጠነ አዛዥ እጥረት መንገዱን ዘግተውታል። ኡጋንዳ በዚህ ረገድ የተለየች ናት። ሐኪሟ አን ሜሪማን በ1993 ሆስፒስ አፍሪካ ኡጋንዳን ሲመሠርቱ የሞርፊን ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ርካሽ መድኃኒት እንዲሆን አደረጉ። በ2004 ደግሞ አገሪቱ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ሞርፊን እንዲያዝዙ ፈቀደች። ሐኪም በማይደርስበት ወረዳ ላለ ልጅ ይህ የሕግ ለውጥ ከማንኛውም አዲስ ሕንፃ ይበልጣል።

ካምፓላ የሚገኘው የአፍሪካ ፓሊየቲቭ ኬር ማኅበር ጥራትን ለመለካት ለሕፃናት የሚሆን መጠይቅ አዘጋጅቷል። ከፊሉ ጥያቄ ለልጁ፣ ከፊሉ ለአስታማሚው ይቀርባል። ስለ ሥቃይ ብቻ ሳይሆን ስለ ጨዋታም ይጠይቃል። ጨዋታ ለልጅ ተራ ነገር ባለመሆኑ፣ መጫወት መቻሉ ሕክምናው መሥራቱን ከሚያሳዩ ምልክቶች አንዱ ነው።

በጣም የሚከብደው ግን እውነቱን መናገር ነው። በኢትዮጵያ መርዶ ሰውና ሰዓት ተመርጦለት ይነገራል፤ ለታመመ ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጨርሶ አይነገርም። አሜሪካዊቷ የሥነ ሰብ ተመራማሪ ሚራ ብሉቦንድ-ላንግነር በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የደም ካንሰር የያዛቸው ትንንሽ ልጆች ማንም ሳይነግራቸው እንደሚሞቱ ይረዱ እንደነበር፣ ወላጆቻቸው እንዳያዝኑ ሲሉም ያላወቁ ይመስሉ እንደነበር አሳይተዋል። ባለሙያዎች ልጁ ያልጠየቀውን በግድ ንገሩት አይሉም። ሲጠይቅ ግን በዕድሜው ልክ እውነተኛ መልስ ይሰጠው ይላሉ፤ ዝምታው ልጁን ከነፍርሃቱ ብቻውን ያስቀረዋልና።

በኢትዮጵያ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ከ2003 ጀምሮ በአዲስ አበባ ታማሚዎችን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ይረዳል። ብሔራዊ የማስታገሻ ሕክምና መመሪያም በ2016 ወጥቷል። የሕፃናት ካንሰር ሕክምና የሚሰጠው ግን ጥቁር አንበሳን ጨምሮ በጥቂት ሆስፒታሎች ነው፤ ከሩቅ የሚመጡ ቤተሰቦች ለወራት ከቤታቸው ይርቃሉ። ሕክምናው አልሠራ ሲል አብዛኞቹ ልጃቸውን ይዘው ወደ አገራቸው መመለስ ይፈልጋሉ። ያኔ በእጃቸው ሊኖር የሚገባው ነገር ብዙ አይደለም፦ ሞርፊን ያለበት ጠርሙስ፣ የመውሰጃው ሰዓትና መጠን የተጻፈበት ወረቀት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ቢደወል የሚነሳ ስልክ ቁጥር፤ ጠርሙሱ ሲያልቅ ደግሞ በአቅራቢያቸው የሚሞላላቸው ጤና ጣቢያ።