ሦስት ምስክሮች፦ የድሮ ሬንጅፋይንደር ካሜራን በቤት ስለ መጠገን

ከፎቶግራፍ መሣሪያዎች መካከል ሬንጅፋይንደር የሚባለው ካሜራ ሥዕል መቅረጫ ብቻ ሳይሆን የርቀት መለኪያም በመሆኑ፣ ሲበላሽም ሆነ ሲጠገን ከሌሎቹ የተለየ ጠባይ አለው። ባለ መስተዋቱ ካሜራ ምስሉን በሌንሱ በኩል ተቀብሎ ለባለቤቱ ያሳያል፤ ይህኛው ግን ባለቤቱ በአንድ መስኮት፣ ፊልሙ በሌላ ዓይን እንዲያዩ አድርጎ ሁለቱን በአንዲት ትንሽ ክንድ ያስማማቸዋል። ስለዚህ የካሜራው ጤንነት የሚታወቀው ዓይን፣ ሌንስና ፊልም፣ እነዚህ ሦስት ምስክሮች፣ ስለ አንዱ ርቀት አንድ ቃል ሲሰጡ ነው፤ የጠጋኙም ድካም ሁሉ በመጨረሻው ምስክርነታቸውን ለማስማማት ነው።

የመሣሪያው ትውልድ ከጀርመን አገር ይጀምራል። በቬትስላር ከተማ፣ በኤርንስት ላይትስ የማይክሮስኮፕ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ኦስካር ባርናክ የአስም ሕመምተኛ ስለ ነበረ፣ የዘመኑን ከባድ ካሜራና የብርጭቆ ሰሌዳ ተሸክሞ መጓዝ ስለ ከበደው፣ ለሲኒማ የተሠራውን 35 ሚሊ ሜትር ፊልም በአግድም የሚያስኬድ ትንሽ ካሜራ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ላይ ሠራ፤ የአንዱም ምስል ስፋት 24 በ36 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተወሰነ። ፋብሪካው ይህንን አሻሽሎ፣ ላይካ የሚል ስም ሰጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1925 በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት ለሕዝብ አቀረበው። ነገር ግን የመጀመሪያው ላይካ ከሌንሱ ጋራ የተያያዘ መለኪያ ስላልነበረው፣ ባለቤቱ ርቀቱን በዓይኑ ገምቶ ወይም በተለየ መሣሪያ ለክቶ ቍጥሩን በእጁ ወደ ሌንሱ ያዛውር ነበር። ላይካ ሁለተኛውና የዛይስ ኢኮን ፋብሪካ ኮንታክስ መለኪያውንና ሌንሱን በአንድ አካል አጋብተው የወጡት በ1932 ነው።

ጥበቡም በጀርመን ተወስኖ አልቀረም። በሶቪየት ኅብረት፣ በካርኮቭ ከተማ፣ ስመ ጥሩው መምህር አንቶን ማካሬንኮ ይመራው በነበረው፣ መጠጊያ ያጡ ወጣቶች ትምህርትንና የእጅ ሥራን አስተባብረው በሚማሩበት ማኅበር ውስጥ፣ ወጣቶቹ አስቀድሞ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ሲሠሩ ቆይተው፣ ከ1934 ጀምሮ የላይካን አምሳያ በብዛት ማውጣት ጀመሩ፤ ማኅበሩ በስሙ ይጠራበት ከነበረው ከፌሊክስ ኤድሙንዶቪች ድዘርዢንስኪ ስም የመጀመሪያ ፊደላትን ወስደውም ካሜራውን ፌድ አሉት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ በሞስኮ አቅራቢያ በክራስኖጎርስክ ዞርኪ፣ በኪየቭ ከተማም ከኮንታክስ የተወለደው ኪየቭ ተከተሉ። ከእነዚህ ሁሉ ለቤት ጠጋኝ፣ ይልቁንም ለጀማሪ፣ የሚስማማው ከ1955 እስከ 1970 የተሠራው ፌድ 2 ነው። ከሚሊዮን በላይ ስለ ተሠራ ለመለዋወጫ የሚሆን የሞተ ወንድም አይታጣለትም፤ ባትሪ አይፈልግም፤ ዝግተኛ ፍጥነቶችን የሚቈጣጠር የጥርሶች ስብስብ ስለሌለው ውስጡ አልተወሳሰበም፤ ጀርባውም ከታችኛው ክዳን ጋራ በሙሉ ስለሚወልቅ በፊልሙ ፊት ያለው መጋረጃ ሳይፈታ ይመረመራል።

የርቀት መለኪያው ሥራ በጂኦሜትሪ ሕግ የጸና ነው። በፌድ 2 ላይ ሁለቱ መስኮቶች በ67 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። አንዱን ነገር ከሁለት ቦታ ስንመለከተው የእይታ መስመሮቹ ማእዘን ይሠራሉ፤ ነገሩ በ1 ሜትር ላይ ሲቆም ማእዘኑ ወደ 4 ዲግሪ ይጠጋል፤ በ10 ሜትር ከግማሽ ዲግሪ ያንሳል፤ እጅግ ሲርቅ ደግሞ መስመሮቹ ትይዩ የሆኑ ያህል ይቀራረባሉ። ዓይን በሚያይበት መስኮት ውስጥ፣ ብርሃኑን ከፊል አሳልፎ ከፊል የሚመልስ መስተዋት በሰያፍ ቆሟል፤ በትንሿ መስኮት የገባው ሁለተኛው ምስል በዚህ መስተዋት ላይ ይደረባል። ሌንሱ ሲዞር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ጀርባውን የተደገፈው ክንድም ይህን ጉዞ ተቀብሎ የመለኪያውን ተንቀሳቃሽ ክፍል ያዞራል፤ ድርቡ ምስል ከዋናው ጋራ ሲገጥም ሌንሱ ርቀቱን አግኝቷል ማለት ነው። ይህ ሁሉ እውነት የሚሆነው ግን የሌንሱ ማረፊያ ከፊልሙ በ28.8 ሚሊ ሜትር ርቆ ሲቀመጥ ነው። ከጦርነቱ በፊት በነበሩት ፌዶች ልኩ ገና ለሁሉ አንድ ስላልተደረገ፣ እያንዳንዱ ሌንስ ለገዛ ካሜራው ብቻ ይስተካከል ነበር።

ሁለተኛው ታላቅ ክፍል ሸተሩ ነው። ጎማ ከተቀባ ጨርቅ የተሠሩ ሁለት መጋረጃዎች፣ በውስጣቸው ሞላ ባለባቸው መጠቅለያዎች እየተሳቡ፣ በፊልሙ ፊት በአግድም ይሮጣሉ፤ የመጀመሪያው ብርሃኑን ይገልጣል፣ ሁለተኛው ተከትሎ ይጋርዳል። በፈጣኑ በ1/500 ሰከንድ ላይ ፊተኛው ጉዞውን ገና ሳይፈጽም ሁለተኛው ስለሚነሣ፣ ፊልሙ ብርሃን የሚያገኘው በሁለቱ መካከል በምትጓዝ ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ነው። ከፊቱ የሚጋርደው መስተዋት ስለሌለ፣ ክፍት ሌንሱ ወደ ፀሐይ ዞሮ የቆየ እንደ ሆነ ፀሐይዋ በመጋረጃው ላይ ተሰብስባ ቀዳዳ ታቃጥልበታለች፤ በፊልም ላይ የሚታዩት ምክንያታቸው ያልታወቀ ነጠብጣቦች ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣሉ። ይህን ለማወቅ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሌንሱን አውልቆ የእጅ ባትሪ በመጋረጃው ፊት ማብራትና ከኋላ ማየት ይበቃል። ትንንሽ ቀዳዳዎች ለጨርቅ በሚሆን ተለጣጭ ጥቁር ቀለም በስሱ ይደፈናሉ፤ ቀለሙ ከወፈረ ግን ጨርቁ ደርቆ ጉዞው ይዘገያል። የተሰነጣጠቀ መጋረጃ መለወጥ አለበት፤ አዲሱም በአሮጌው ልክ፣ እስከ ግማሽ ሚሊ ሜትር ድረስ ተጠንቅቆ ይቈረጣል።

ወደ ሥራው የሚገባ ሰው የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም፦ አፋቸው ከብሎኑ ራስ ጋራ በትክክል የሚገጥሙ የሰዓት ሠሪ ካቻቢቴዎች፣ ወረንጦ፣ አጉሊ መነፅር፣ ሁለት ቀዳዳ ያላቸውን ቀለበቶች የሚፈታ ሹል ቁልፍ፣ ስቴኪኒ፣ ንጹሕ ጥጥ፣ የላይተር ነዳጅ፣ ንጹሕ አልኮል፣ የሰዓት ዘይትና ለሌንስ የሚሆን ግራሶ። ነዳጁና አልኮሉ ተቀጣጣይ ስለሆኑ መስኮት ተከፍቶ፣ እሳት ርቆ ይሠራል። ከዕቃው ይልቅ የሚጠቅመው ሥርዓቱ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ሳይወልቅ በስልክ ፎቶ ይነሣል፣ ብሎኖቹ በወጡበት ተራ በክፍልፍል ሣጥን ውስጥ ይደረደራሉ፣ እንቢ ያለ ብሎን የላይተር ነዳጅ ጠብ ተደርጎለት ይቈያል እንጂ በጉልበት አይታገሉትም።

አብዛኞቹ ካሜራዎች ደካማ የሚመስሉት ስለ ተሰበሩ ሳይሆን የፋብሪካው ግራሶ እንደ ከረመ ማር ስለ ረጋ ነው። ካሜራው ሲዘገይ ያየ ችኵል ሰው ግን ከታች ያሉትን የመጋረጃ ሞላዎች ያጠብቃል፤ ለጥቂት ጊዜ የተሻለ ይመስላል፣ ነገር ግን ውጥረቱ ሞላውን ያደክመዋል፣ መጋረጃውን ይጎትተዋል፣ ቆሻሻውም እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ አስቀድሞ አሮጌው ቅባት ይታጠባል፤ በማሽከርከሪያዎቹ ጫፍ ላይ ብቻ እጅግ ጥቂት ዘይት ይጨመራል፤ ከዚያ በኋላ ሌንሱንና ጀርባውን አንሥቶ፣ ነጭ ግድግዳ እያዩ 1/500ን ማስፈንጠር ነው። የብርሃኑ ስንጥቅ ከዳር እስከ ዳር እኩል ከታየ መልካም፤ በአንድ ወገን የሚጠፋ ከሆነ ሁለተኛው መጋረጃ የመጀመሪያውን እየደረሰበት ነውና፣ ሞላው በጥቂት በጥቂቱ የሚስተካከለው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ዓይን የተባለው ምስክር ይጠየቃል። ካሜራውን አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቅ ግንብ ወይም ወደ ጨረቃ አቅንቶ፣ ሌንሱን እስከ ዳርቻው አዙሮ ሲመለከቱ ሁለቱ ምስሎች አንድ መሆን አለባቸው። በአግድም ከተለያዩ፣ ከመስኮቶቹ መካከል ያለችው ትንሽ ብሎን ስትወጣ ከኋላዋ የተሰወረው ማስተካከያ በቀጭን ካቻቢቴ ይዞራል፤ በቁመት ከተለያዩ የትንሿ መስኮት ብርጭቆ ከቀለበቱ ጋራ በጥቂቱ ይዞራል። ውስጡን ሲያጸዱ የሰያፉን መስተዋት በጥጥ ማሸት የማይካስ ጥፋት ነው፤ ስሱ ቅቡ በአንድ ማሸት ሊነሣ ይችላልና፣ አቧራውን በአየር እፍ ብሎ መተው ይሻላል።

ዓይን ትክክል መሰከረ ማለት ፊልሙም ይስማማል ማለት አይደለም። ይህን ለመፈተን በፊልሙ መሄጃ ሐዲድ ላይ የደበዘዘ ብርጭቆ ወይም የማያንጸባርቅ ግልጽ ፕላስተር ተዘርግቶ፣ ሸተሩ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ተደርጎ፣ የሌንሱ ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ ምስሉ በአጉሊ መነፅር ይታያል። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በ2.8 ቀዳዳ፣ በ1 ሜትር ርቀት ላይ ጥራቱ የሚጸናው ከፊትም ከኋላም 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ስሕተቱ እዚህ ይጋለጣል። በሩቅ ተስማምተው በቅርብ የሚለያዩ ከሆነ የክንዱ ጫፍ በጥቂቱ ይዞራል፤ በሩቁም የማይስማሙ ከሆነ ከሌንሱ ማረፊያ ቀለበት በታች የተነጠፉት ስስ ወረቀቶች ጠፍተው ወይም ተቀያይረው እንደ ሆነ መመርመር ይገባል። ሌንሱንም የሚፈታ ሰው ጥርሱ ከአንድ በላይ መነሻ እንዳለው አውቆ፣ የተለያየበትን ነጥብ ሳይጭር አይለየው፤ ያለዚያ ሲመልሰው ርቀቱ ሁሉ ይዛባል።

የቤት ጠጋኝ እጁን የሚሰበስብበት ድንበርም አለ። ሻጋታ የበላውን የሌንስ ቅብ፣ የተለያየውን የሙጫ መጋጠሚያና ቅቡ የጠፋውን መስተዋት የሚመልስ ማጽጃ የለም፤ ለእነዚህ ከሞተው ወንድም ክፍል መውሰድ ወይም ለባለሙያ ማስረከብ ብልህነት ነው። ከዚህ በተረፈ ግን መሣሪያው ለእጅ እንቢተኛ አይደለም። በመስኮቶቹ መካከል የተሰወረችው ብሎን፣ ከማረፊያው ሥር ያሉት ወረቀቶች፣ ከታች የሚገኙት የሞላ ማስተካከያዎች ሁሉ የሚያስረዱት፣ ሠሪዎቹ ልኩ አንድ ቀን እንደሚዛባ አስቀድመው አምነው የመመለሻውን በር ከካሜራው ጋራ አብረው እንደ ሠሩ ነው። እንግዲህ ጠጋኙ ካሜራውን አንድ ፊልም አጕርሶ፣ የእያንዳንዱን ምስል ርቀትና ፍጥነት በደብተር ጽፎ ያንሣ፤ ፊልሙ ታጥቦ ደብተሩን ካጸናለት ክዳኑን ይዝጋ፣ ካላጸናለት ግን ስሕተቱ የየትኛው ምስክር እንደ ሆነ ሳያውቅ ካቻቢቴውን አያንሣ።